ልጄ አስተርጉማልኝ የፈረምኩት ወረቀት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ ዘንድሮ ኮሌጅ ጀምራለች፣ ትንሹ ሰባተኛ ክፍል ነው። ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስላለ ልተንፍሰው ብዬ ነው።

እኛ አበሾች እዚህ አካባቢ ቤት ስንፈልግ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ወይ?» ብለን ነው። ዋጋው ቢወደድም ተበዳድረን እንገባለን። ከዚያ ግን በቃ፣ ልጁን አስረክበን ወደ ሥራችን። ያደግነው እንደዚያ ነዋ! ስልሳ ሰባ ሆነን አንድ ክፍል ተቀምጠን ሁላችንም ያንኑ ሒሳብ፣ ያንኑ ፊዚክስ ነው የተማርነው። እዚህ ግን ሁለት ልጆች በአንድ በር ገብተው፣ አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሳይገናኙ ሊመረቁ ይችላሉ።

እዚሁ ሰፈራችን ያለውን ሞንትጎመሪ ብሌርን ውሰዱ። ከሦስት ሺህ በላይ ተማሪ ያለው የመንግሥት ሃይስኩል ነው። ከ1985 ጀምሮ የሒሳብ፣ የሳይንስና የኮምፒውተር ማግኔት የሚባል ልዩ ፕሮግራም አለው፤ በዓመት ተመርጠው የሚገቡት መቶ አካባቢ ልጆች ናቸው። ጽሑፍና ሚዲያ ለሚወዱ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም አለው። የቀረው ተማሪ መደበኛ፣ ኦነርስ (ከመደበኛው ከበድ ያለ) ወይም ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ) ኮርስ እየመረጠ ይማራል። ምሳ የሚበሉት ግን አንድ ካፌቴሪያ ነው። ሮክቪል ያለው ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ደግሞ አይቢ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ይታወቃል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካለፈብኝ በኋላ ነው።

የእኔ ጉድ የተፈጠረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። ልጄ ስምንተኛ ክፍል እያለች፣ ጥር ላይ የዘጠነኛ ክፍል ኮርስ መምረጫ ወረቀት መጣ። ካውንስለሯ፣ የተማሪዎች አማካሪዋ ማለት ነው፣ ጠራችኝና ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ ሄድኩ፣ ባጄ እንኳን ከደረቴ ላይ አልወረደም። ሴትዮዋ ወረቀቱን በእስክሪብቶ እየነካካች ሦስት ደቂቃ ያህል አወራች። ልጄ ወደኔ ዞር አለችና «ጎበዝ ናት እያለች ነው አባዬ፣ እዚህ ጋ ፈርም» አለችኝ። ፈረምኩ። ደስ ብሎኝ ፒዛ ሁሉ ገዛሁላት።

ለካ ሴትዮዋ የምትለው ሌላ ነው። አልጀብራን በሰመር ትጨርስ፣ ሳይንሱንም ኦነርስ ትውሰድ፣ ትችላለች እያለች ነበር። ልጄ ሰመሯን ማጣት አልፈለገችም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ምን ልበላት?

ነገሩ የገባኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ኢንጂነሪንግ ካልሆነ ስትል ነው። ለኢንጂነሪንግ ካልኩለስ የሚባለው ሒሳብ ያስፈልጋል፤ እዚያ የሚደረሰው ደግሞ በተራ ነው፦ አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አምስት ናቸው። ሃይስኩል አራት ዓመት ነው። በጣታችሁ ቁጠሩት። አልጀብራን ዘጠነኛ ክፍል የጀመረ ልጅ በሰመር ወይም ባንድ ዓመት ሁለት ሒሳብ ወስዶ ካላካካሰ ካልኩለስ ላይ ሳይደርስ ይመረቃል። ሌሎቹ ሃይስኩል የጨረሱትን ካልኩለስ እሷ አሁን በገንዘባችን እየተማረችው ነው።

ሌላም አለ። «ልጄ ሁሉንም ኤ ነው ያመጣው» የምንል ወላጆች፣ ኤውም ከኤ እንደሚለይ አናውቅም። በዚህ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የኦነርስና የኤፒ ኤ በዌይትድ ጂፒኤ (የኮርሱ ክብደት በሚታሰብበት አማካይ ውጤት) እንደ 5 ይቆጠራል፣ የመደበኛው ኤ 4 ነው። ኤፒ ደግሞ በግንቦት ፈተና አለው፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን፣ ጥሩ ያመጣ ልጅ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲት ይይዙለታል። የፈተናው ክፍያ ከከበዳችሁ ቅናሽ አለ፣ ጠይቁ። ሃይስኩል እያሉ የካውንቲው በሆነው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚማሩም አሉ፤ አንዳንዱ ከሃይስኩል ዲፕሎማው ጋር የሁለት ዓመት ዲግሪ ይዞ ይወጣል።

ይህን ስል ልጁን ስድስት ኤፒ አሸክማችሁ እንቅልፍ ንሱት ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ የሚያደርጉም አውቃለሁ። እጁ ብልህ ለሆነ ልጅ ኤዲሰን የሚባል የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት አለ፤ ግማሽ ቀን እዚያ እየሄዱ የመኪና ጥገናና የግንባታ ሙያ ይማራሉ። እኛ ዘንድ ግን ይህንን ማውራት እንደ ነውር ነው፣ መካኒኩ ዘንድ ሄደን የምንከፍለውን እያወቅን!

ከሁሉም የሚቆጨኝ የአስተርጓሚው ነገር ነው። ትምህርት ቤት ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት፣ የፌደራል ሕግ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት ልመና አይደለም፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ቀደም ብሎ መናገር ብቻ ነው። ካውንቲው ብዙ ወረቀት በአማርኛ ያወጣል፤ እኛ ሳናነበው ከሪሳይክል ጋር ይወጣል። እናንተም ከጥር በፊት አንድ ገጽ ብትሰጡት ምናለ? የሞት ማስታወቂያና የቤት ሽያጭ ገጽ አለን፣ የኮርስ ምርጫ ገጽ ግን የለንም።

ዘንድሮ የትንሹ ተራ ደረሰና አስተርጓሚ አስጠራሁ። በስልክ ነበረች፤ ድምጿ የአዲስ አበባ ልጅ ይመስላል። ካውንስለሩ ሦስት ደቂቃ አወራ። እሷም ሦስት ደቂቃ አስተረጎመች። ልጄ ጣራ ጣራ ሲያይ ቆየና «አባዬ፣ እኔም እኮ ልነግርህ ነበር» አለኝ። ለስምንተኛ ክፍል አልጀብራ አንድ ተመዝግቧል።

የሁለት ልጆች አባት
ከሲልቨር ስፕሪንግ