ሀዋሳ ያለውን ስራ ሶዶ ያደረገች ኤስ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

እኔ ሀዋሳ ፅህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሰራው፣ ሲቪና ማመልከቻ ስተይብ ነው የምውለው። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ እናንተው ጋዜጣ ላይ የወጣ የእንግሊዝኛ የስራ ማስታወቂያ በስልኳ አንስታ መጣች፣ የስራ ቦታ "ሳውዝ ኢትዮጵያ" ይላል፣ ኤሷ ትልቋ። ልጅቷ እናቷን ስለምታስታምም ከሀዋሳ መራቅ አትችልም፣ "ይሄ እኮ ሶዶ ነው፣ ወይ ዲላ ወይ ጂንካ ይወረውሩኛል፣ ይቅርብኝ" አለች። እውነቷን ነው፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በዚህ ስም የሚጠራ ክልል አለ፣ ሀዋሳ ደግሞ ሲዳማ ናት። ብንደውል ለካ በደፈናው ደቡቡን ማለታቸው ነው፣ ቢሮው እዚሁ እኛው ሰፈር!

የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው "ክልል" የምትል ቃል ጨምረን እንለያለን፣ እንግሊዝኛው ግን ይሄን ስራ ለካፒታል ሌተር ነው የሰጠው። አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ስሞል ነው፣ ሀይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው ስትሉ ዌስት በትንሹ ዳብሊው ይፃፋል። የቦታ ስም ሲሆን ካፒታል፣ ሳውዝ ሱዳን፣ ሚድል ኢስት እንደሚባለው። እና ማስታወቂያው አካባቢውን ለማለት ከሆነ "ሳውዘርን ኢትዮጵያ" ብሎ ኤሷን ስሞል ቢያደርጋት ልጅቷም እኔም አንደናገርም ነበር። (ሳውዘርን አፍሪካ ላይ ግን አንዳንዱ በካፒታል አንዳንዱ በስሞል ነው የሚፅፈው፣ እሱ ላይ አልጨቃጨቅም።)

የድሮውን የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዶክመንት አስተርጉሙልኝ ብለው የሚመጡም አሉ፣ ክልሉ አሁን ስለሌለ ስሞል ይሁን የሚል ሰው ሁሉ ገጥሞኛል፣ ኧረ አይሆንም፣ ወረቀቱ በወጣበት ጊዜ ስሙ ነበር፣ ስም ደግሞ ካፒታሉን ይዞ ይቀራል። ወርድ ያርመዋል እንዳትሉ፣ ሁለቱም አፃፃፍ ትክክል የሚሆንበት ቦታ ስላለው ቀይ አያሰምርበትም።

ስለዚህ ማስታወቂያ የሚቀበሉት ልጆች ሳውዝ፣ ኢስት ምናምን የሚል ሲመጣላቸው "ክልሉን ነው አቅጣጫውን?" ብለው ይጠይቁልን፣ ከተማውን ቢያስፅፉ ደግሞ የባሰ ጥሩ፣ "ሀዋሳ" አንድ ቃል ናት፣ ብዙ ቦታም አትፈጅም።

ልጅቷ በመጨረሻው ቀን ለትንሽ ደርሳ አስገባች። ሲቪዋን ፕሪንት ካደረግኩ በኋላ ግን አድራሻዋ ላይ ሲዳማን እኔው ራሴ በስሞል ኤስ ፅፌያት አገኘሁ፣ ገፁን ከኪሴ ከፍዬ ደገምኩት።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ