ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ «የተሳሳተ ነዳጅ የቀዳ ቀጂ ሞተሩን ከኪሱ ያሠራ» ብለው ነበር። ደብዳቤያቸውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው «እንዴታ! ያሠራ እንጂ» አልኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ፊቴ ጋለ። እኔም በናፍጣ መኪና ቤንዚን ያስሞላሁ ሰው ነኛ። ለሁለት ቀን ያህልም ልክ እንደ እሳቸው አውርቻለሁ።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። ፒክአፕ፣ ናፍጣ። እኔ ደግሞ 11 ዓመት ሙሉ የነዳሁት ትንሽዬ የቤንዚን መኪና ነው። የምጭነው ዕቃ ነበረኝና ለአንድ ቀን አስቸገርኩት። ቁልፉን ሲሰጠኝ «ናፍጣ ናት፣ እንዳትረሺ» ብሎኛል። ይህን እዚህ የምጽፈው እሱም ጋዜጣችሁን ስለሚያነብ ነው። አልነገረኝም ብዬ መካድ አልችልም።

ማደያ ገባሁ። ወረፋ አለ። ስልክ እያወራሁ ነው (ይህም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ)። ተራዬ ደረሰ፤ ወጣቱ ቀጂ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ «ቤንዚን፣ ሙሉ አድርገው» አልኩት። የተናገረው አፌ ነው። ልቤ ስልኩ ላይ ነበር። 11 ዓመት የለመደውን ቃል አፍ ማንንም ሳያስፈቅድ ያወጣዋል።

ልጁ የተባለውን አደረገ። ከ40 ሊትር በላይ ገባ። ክዳኑን ሊዘጋ ሲል ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየ መሰለኝ፣ ተመልሶ መጣ።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና ናፍጣ አይደለችም እንዴ?»

ይህችን ደቂቃ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ቤንዚኑ ሳልባትዮ (የነዳጁ ጋን) ውስጥ ተኝቷል። ሞተሩ ገና አልቀመሰውም። መኪናዋን ገፍቶ ወደ ዳር ማውጣት፣ ሳልባትዮውን ማስገልበጥ፣ ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) መቀየር፤ በቃ። ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።

እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ሞተሩ አይደለም። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክሱን ይዞ አልለቅ ብሏል። ሦስት አራት ሰው ዞሮ አየኝ። ሴት ሹፌር ነኝ፤ ሊባል የሚችለውን ሁሉ ገና ሳይባል ሰማሁት። እና ምን ብል ጥሩ ነው? «አውቃለሁ፣ ችግር የለውም።» ምኑን እንደማውቅ እኔም አላውቅም። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ አንዴ ተነሣ! እንዲያውም «ይኸው፣ ምን ሆነች?» ብዬ ተደሰትኩ።

ለምን እንደተነሣ በኋላ ነው የገባኝ። በቱቦውና በፊልትሮው ውስጥ የቆየው ናፍጣ ነበረ። እሱ እስኪያልቅ ወሰደኝ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል። ከዚያ መኪናዋ ነዳጅ ስሰጣት አልሰማ አለችኝ። ከሞተሩ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚያንገጫግጩ ዓይነት ድምፅ መጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ነጣ ያለ ጭስ ከኋላ ታየኝ። ከዚያ ጸጥ። እኔም የዋዛ አይደለሁም፣ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሜ መታሁት። መካኒኩ ይህን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አልተቆጡኝም። ከፊልትሮው ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ቀዱ። በሌላ ብርጭቆ ንጹሕ ናፍጣ አመጡ። «ልጄ፣ እጅሽን» አሉኝ። አንዱን ጣቴን ናፍጣው ውስጥ ነከሩት። «በአውራ ጣትሽ እሺው።» አሸሁት። እንደ ዘይት ያንሸራትታል። በጨርቅ ብጠርገውም ቅባቱ አልለቀቀኝም። ሌላውን ጣቴን ከመኪናዋ የወጣው ውስጥ ነከሩት። ጣቴን ቀዝቀዝ አደረገው። ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ አሸት ሳደርገው ጠፋ። ቆዳዬ እርስ በርሱ መያያዝ ጀመረ።

«አየሽ፣ ነዳጁን የሚገፋው ፖምፓ ሌላ ዘይት የለውም» አሉኝ። «ዘይቱ ራሱ ናፍጣው ነው።»

ነገሩ ይኸው ነው። የናፍጣ መኪና ፖምፓ ውስጡ ብረት በብረት ላይ የሚሄድበት ዕቃ ነው። የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ቤንዚን ሲያልፍበት ቅባቱን አጥቦት ይሄዳል። ያኔ ብረቱ ብረቱን መፋቅ ይጀምራል። ድሮ ፖምፓ ይህን ያህል አይጨነቅም ነበር። የዛሬዎቹ ግን ነዳጁን እስከ 2,000 ባር፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይገፉታል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ 2 ባር ከምናምን ነው። በዚያ ግፊት ቅባት የሌለው ብረት ምን እንደሚሆን አስቡት።

እኔስ ማሰብ አላስፈለገኝም። ፖምፓው ሲፈታ አሳዩኝ። መካኒኩ ጣታቸውን ውስጡ አዙረው አወጡና ወደ ብርሃኑ አዙረው ያዙት። ጣታቸው ጫፍ ላይ የብር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያብለጨልጫል። እውነት ለመናገር ያምራል። «ይሄ ፖምፓሽ ነው፤ ራሱን ፈጭቶ» አሉኝ። ያ ዱቄት ፖምፓው ጋ አይቀርም። ከነዳጁ ጋር ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች ይሄዳል። የኖዝል ቀዳዳ ደግሞ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ነው። ስለዚህ ፖምፓ፣ ኖዝል፣ ቱቦ፣ ፊልትሮ። ሒሳቡን እዚህ ጽፌ ማንንም አላስደነግጥም።

የጠጠሩ ድምፅስ? እሱን የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የምታነድ ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል እንደ ፈረንጆቹ በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር ዋና ነገሩ ይህ ነው፤ አየሩን አምቆ አምቆ በጣም ሲግል ነዳጁን ይረጭበታል፣ ነዳጁ በራሱ ይነዳል። ቤንዚን ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው። ሲታመቅ በራሱ እንዳይነድ፣ የካንዴላዋን ብልጭታ እንዲጠብቅ ሆኖ ነው የሚዘጋጀው። ኦክቴን የሚባለውም የሚለካው ይህንኑ ነው። የናፍጣ ሞተር ውስጥ ሲገባ በሰዓቱ አይነድም። ይዘገይና በአንዴ ይፈነዳል። የሰማሁት እሱን ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው ልመለስ። «ትንሽ ከሆነ ናፍጣ ደርቦ ሞልቶ መንዳት ይቻላል» ያሉትን ዝግጅት ክፍሉ ቢያርመው ደስ ይለኛል። ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። አንዳንድ የድሮ የናፍጣ መኪኖች መመሪያ፣ በከባድ ብርድ ናፍጣው እንዳይረጋ ትንሽ ቤንዚን መቀላቀልን ይፈቅድ ነበር። ያ ግን የድሮ ፖምፓ ነው። የዛሬዎቹ መመሪያዎች ቅልቅልን አይፈቅዱም። እኔ መካኒኩን «ሁለት ሊትር ብቻ ቢሆንስ?» ብያቸው ነበር። «ሁለት ሊትሩን ቀጂው ለኪስሽ ነው ያዘነው፣ ፖምፓው አያዝንልሽም» አሉኝ። ሙሉ በሙሉ አልገባኝም፣ ግን አመንኳቸው።

አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምር። ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይሠራም። የናፍጣ መቅጃው አፍ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የቤንዚኑ 21 ገደማ ነው። ስለዚህ ወፍራሙ የናፍጣ መቅጃ በብዙ የቤንዚን መኪኖች አንገት አይገባም። ቀጭኑ የቤንዚን መቅጃ ግን የናፍጣ መኪና ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። እንግዲህ በሩ ክፍት የሆነው ጉዳቱ በሚብሰው በኩል ነው! ናፍጣ በቤንዚን መኪና ቢገባ መኪናው ያጨሳል፣ ይንተባተባል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ አልነሣ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ተገልብጦና ታጥቦ ይድናል።

በቀለም መተማመንም አያዋጣም። እንግሊዝ አገር አረንጓዴ እጀታ ያለው መቅጃ ቤንዚን ነው፤ አሜሪካ ብዙ ቦታ አረንጓዴው ናፍጣ ነው። የአውሮፓ አገሮች እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ በቀለሙ ላይ ሳይተማመኑ በቅርጽ ምልክት አድርገዋል። ቤንዚን ክብ ውስጥ፣ ናፍጣ አራት ማዕዘን ውስጥ። መቅጃውም ላይ፣ የመኪናው ክዳንም ላይ። ቋንቋ የማያውቅ ሰው እንኳ ክብን ከክብ ያገናኛል። ይህን የሠራው ሰው እንደ እኔ ስልክ እያወራ ቤንዚን ያስሞላ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

አንዳንድ አንባቢ «እሺ፣ ቁልፉን ካላዞርኩ ምን ላድርግ?» ይል ይሆናል። ፍሪ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን መፍታት፣ መግፋት። ሬዲዮ ለመክፈት ብላችሁ እንኳ ቁልፉን አትነካኩ። በብዙ መኪና ቁልፉ ግማሽ ሲዞር ሳልባትዮው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ነዳጁን መግፋት ይጀምራል። ሞተሩ ስላልተነሣ ምንም አልሆነም ማለት አይደለም። ከዚያ ለባለሙያ መደወል። አንድ የጎረቤት ልጅ «እኔ በጎማ ቱቦ በአፌ ስቤ አወጣልሻለሁ» ብሎኝ ነበር፤ እንኳን እሺ አላልኩት። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ለእሳት የሚበቃ ትነት አያወጣም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ያወጣል። የተቀላቀለው ነገር ናፍጣ ቢመስልም እሳት ሲያይ ቤንዚን ነው። ከመሬት ጋር ትነቱ ይሄዳል፣ ራቅ ያለች ምድጃ ወይም ሲጋራ ትበቃዋለች። በአፍ መሳቡን ተዉት፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ቤንዚን ሰው ይገድላል።

ሒሳቡስ በማን ላይ ይሁን? የጸሐፊው ጥያቄ ይህ ነበር። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ወንድሜን «ልጁ ነው ያሳሳተው» አልኩት። አዎ፣ ዋሸሁ። ወንድሜ ነገር የሚያሳድር ሰው አይደለም፣ ማደያው ድረስ ሄደ። ኃላፊው ገና ነገሩን ሳያጣራ «ከደመወዙ ይቆረጣል» አለው። ልጁ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤንዚን አሉኝ፣ ቀዳሁ። ኋላ ናፍጣ አይደለም ወይ ስላቸው አውቃለሁ አሉኝ» አለ። ወንድሜ እህቱን ያውቃታል። «ተወው፣ እሷ ናት» ብሎ መጣ። ቤት ሲደርስ ምንም አልተናገረም። ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ አየኝ። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

እና ለጸሐፊው ይህን እላለሁ። ሳልጠይቀው ያሻውን የሞላ ቀጂ ካለ ይጠየቅ፣ አልቃወምም። ግን ስህተት በተገኘ ቁጥር ሞተር ከቀጂ ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ክዳኑን ሲዘጋ ጽሑፉን ያየው ልጅ ተመልሶ ወደ መስኮቱ የሚመጣ ይመስልዎታል? ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ዘግቶ «መልካም መንገድ» ነው የሚልዎት። መኪናዎ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይቆማል። የት እንደተቀዳም ማረጋገጫ የለዎትም። ያ ልጅ የተናገረው የሚያጣው ነገር ያለ ስላልመሰለው ነው። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

የማደያ ባለቤቶችን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀጂው መቅጃውን ከማንሣቱ በፊት የነዳጁን ስም ጮክ ብሎ ይድገመው፤ «ቤንዚን ብለዋል፣ ቤንዚን ነው?» ይበል። ሁለት ሰከንድ ነው። ክዳኑንም ቀድሞ ይክፈተውና ያንብበው፤ ሲዘጋ ሳይሆን።

ሒሳቡን በሦስት ጊዜ ከፈልኩ። ወንድሜ ፒክአፑን አሁንም ያውሰኛል፣ አልጨከነብኝም። ቁልፉን ግን ዝም ብሎ አይሰጠኝም። እጁን ከፍ አድርጎ ይይዘውና «በምን ነው የምትሄደው?» ይለኛል። «በናፍጣ» እስክል አይለቀውም። ልጆቹ ፊት ነው ይህን የሚያደርገው።

ልጁን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አሁን በራሴ በትንሿ መኪና ስገባ እንኳ ከሩቅ ያውቀኛል። ጎንበስ ይልና ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እትዬ፣ ዛሬስ ምንድን ነው የምንቀዳው?» ይለኛል። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው የምመልስለት።

የዘወትር አንባቢያችሁ