ታጉን ተጓዡ ያትም ከተባለ፣ አሠራሩም ይነገረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች የሻንጣ ታግ አሳትመው በፖስታ መላክ ከተዉ ቆይተዋል። ቅንጡ ከሚባሉት ከጥቂቶቹ በቀር አሁን የሚልኩት ፒዲኤፍ ፋይል ነው፤ ማተሙ፣ ማጠፉ፣ ማሰሩ የተጓዡ ዕዳ ሆኗል። በዚህ የሚያማርሩ ብዙዎች ናቸው፣ ቅሬታቸውም ከንቱ አይደለም። እኛን ግን ቅር የሚለን ሥራው ወደ ተጓዡ መዞሩ ሳይሆን ዕውቀቱ አብሮ አለመዞሩ ነው። «በነጥብ መስመሩ እጠፉ፣ በስቴፕለር ምቱ» ከምትል አጭር መመሪያ በቀር የቱ ጋ እንደሚመታ፣ በምን ቀለም እንደሚታተም፣ ምን ሲሆን እንደሚቀደድ የሚነግር የለም።

ነገሩን ለመረዳት ታጉን የሚያነበው ማን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። የአውሮፕላን ሻንጣ ታግ የሚነበበው በአብዛኛው በመሣሪያ ነው፤ ያለበት ባለ 10 አሃዝ ቁጥርም የዚያ የአንድ ሻንጣ ብቻ ነው። የመርከቡ ታግ ግን የመርከቡን ስም፣ የሚነሳበትን ቀን፣ የተጓዡን ስምና የካቢን (የመኝታ ክፍል) ቁጥሩን የሚይዝ ወረቀት ነው። ባርኮድ ቢኖርበትም ሻንጣውን ካቢኑ ደጃፍ የሚያደርሰው የሰው ዓይን ነው። ወደቡ ላይ ወዛደሩ ሻንጣውን ተቀብሎ የሽቦ ጋሪ ውስጥ ይከምረዋል፣ ኤክስሬይ ያልፋል፣ ጋሪው በፎርክሊፍት ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል። እዚያ ሠራተኞቹ በፎቅ፣ ከዚያም በመርከቡ ፊት፣ መሃልና ኋላ እየለዩ ወደየኮሪደሩ ይበትኑታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ አገልግሎት የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የተባለው መርከብ ሲሞላ 7,600 ተጓዦችን ይይዛል። እያንዳንዱ አንድ ሻንጣ ብቻ ቢይዝ እንኳ ጠዋት 7,600 ሻንጣ ወርዶ፣ ከቀትር በኋላ መርከቡ ሳይነሳ ሌላ 7,600 መጫን አለበት። በዚህ ጥድፊያ አንድ ታግ ላይ ዓይን የሚያርፈው ለቅጽበት ነው።

ከዚህ የሚከተለው አንድ ነገር ነው፦ ታጉ ላይ ከሁሉ በላይ መትረፍ ያለበት የካቢን ቁጥሩ ነው። በብዙ መርከቦች የቁጥሩ መነሻ ፎቁን ይናገራል፤ 8214 ሲል ስምንተኛ ፎቅ፣ 10214 ሲል አሥረኛ ፎቅ ማለት ነው። 8214 ላይ ያለችው 1 በማጠፊያ ተሰንጥቃ 7 ብትመስል ሻንጣው 8274 ደጃፍ ያድራል። የመጀመሪያው አሃዝ ከጠፋ ደግሞ ፎቁም አብሮ ጠፋ።

ሥራውን መጀመሪያ የሚያበላሸው የወረቀት ልክ ነው። ፋይሉ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በአሜሪካው «ሌተር» ወረቀት፣ በ216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። በአብዛኛው ዓለም ፕሪንተር ውስጥ ያለው ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው፤ በቁመት ይበልጣል፣ በጎን ግን 6 ሚሊ ሜትር ይጠባል። «አክችዋል ሳይዝ» (በራሱ ልክ) ተብሎ ሲታተም ከግራም ከቀኝም 3 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ፕሪንተሩ ራሱ ጠርዝ ላይ የማያትመው ሲጨመርበት የባርኮዱ ጫፍ ወይም የቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ ተበላ ማለት ነው። «ፊት ቱ ፔጅ» (ከወረቀቱ ጋር አስማማ) ሲመረጥ ግን ገጹ በሙሉ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ያንሳል፣ ይህ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ወረቀት ለመቆጠብ ሁለት ገጽ በአንድ ላይ ማተም ነው፤ ያኔ ሁሉም ነገር ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ የማጠፊያ መስመሩም ከቦታው ይሄዳል። ከስልክ ላይ ስክሪንሾት አንስቶ ያንን ማተምም እንዲሁ ነው። ፊደሉ ይነበብ ይሆናል፣ የባርኮዱ ቀጫጭን መስመሮች ግን እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

ቀጥሎ ቀለሙ። የኢንክጄት ፕሪንተር ባለ ሕብር ቀለሞች በብዛት ውሃ የሚያሟሟቸው ናቸው፤ ጋሪው ወደቡ ላይ ዝናብ ካገኘው ቁጥሩ ይፈሳል። ጥቁሩ እንደ ፕሪንተሩ ይለያያል፤ ፒግመንት የሚባለው ዓይነት ውሃ ይችላል፣ ሌላው አይችልም። ለማወቅ ጥቂት ቁጥሮች አትሞ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጎ በጣት ማሸት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ይሻላል፤ ቶነሩ (የዱቄት ቀለሙ) ወረቀቱ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አያንቀሳቅሰውም። ድክመቱ ማጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ መርገፉ ነው፤ ስለዚህ በምንም ዓይነት ቁጥሩ ላይ መታጠፍ የለበትም። አንዳንድ ኩባንያዎች ፎቁን ወይም የመርከቡን ክፍል በቀለም ይለያሉ። በጥቁርና ነጭ የታተመ ታግ ያን መለያ ቢያጣም ቁጥሩ ጎልቶ እስከታየ ድረስ ሻንጣው ይደርሳል። ከፍተኛ ቀለም የሚበላው ደግሞ መለያው ሳይሆን ገጹን የሞላው የማስታወቂያ ፎቶ ነው። በሰው ቀለም የሚተዋወቅ ኩባንያ ሲያጋጥም ዝም ማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ማጠፉ። ብዙዎቹ ፋይሎች ገጹን በርዝመቱ አጥፎ ጥብጣብ የመሰለ ጠባብ ሰንበር መሥራትን ያስባሉ። ኤ4 በርዝመቱ ለአራት ሲታጠፍ ወደ 52 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ 297 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ባለ አራት ድርብ ሰንበር ይሆናል። ይህ በእጀታው ውስጥ አልፎ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ስቴፕለሩ የሚመታው ስምንት ድርብ ወረቀት ነው። ተራ ባለ 80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ሲሆን ምንም ችግር የለም፤ ትንሿ የቢሮ ስቴፕለር 20 ያህል ወረቀት ትችላለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እንዲጠነክር» ብሎ 160 ግራም ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ካርቶን ወረቀት አትሞ ያንኑ አራት እጥፍ ሲያጥፈው ነው። ስምንት ድርብ ካርቶን ውፍረቱ ከ16 ተራ ወረቀት አያንስም፤ በማጠፊያው አጠገብ ሲያብጥ ደግሞ የስቴፕለሩ ሽቦ እግር ወጥቶ ሳይታጠፍ ይቀራል። በዓይን ሲታይ የተመታ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ሻንጣ ሲጎትተው ግን ይወልቃል። ወፍራም ወረቀት የመረጠ መለያውን ብቻ ቆርጦ አንዴ ይጠፈው፤ አራት እጥፉ ለቀጭን ወረቀት የተዘጋጀ ነው።

ሽቦው ከሁለት ማነስ የለበትም፤ አንድ ሽቦ ብቻውን ሲመታ ሰንበሩ በሱ ዙሪያ እየዞረ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከእጀታው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይመቱ። በጣም ከተጠጉ ሰንበሩ እጀታውን አንቆ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ በተጎተተ ቁጥርም ጫናው ሁሉ ሽቦው ላይ ያርፋል። ቢያንስ አንድ ሽቦ ደግሞ ከጫፉ አጠገብ፣ ሰንበሩ እንዳይከፈት። ኢንክጄት ላለው የካርቶን ማሸጊያው ግልጽ ፕላስተር ወረቀቱን ከውሃ ይከልልለታል፤ ነገር ግን ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 52 ሚሊ ሜትሩን አይሸፍንም፣ ሁለት ረድፍ አደራርቦ መለጠፍ ያስፈልጋል። ባርኮዱ ላይ ባይለጠፍ ይመረጣል፣ ነጸብራቁ መሣሪያውን ያስቸግራልና።

ማሰሪያ ቦታውም የራሱ ጣጣ አለው። ተስቦ የሚወጣውና የሚገባው ረጅሙ እጀታ ላይ የታሰረ ታግ እጀታው ሲገባ ተጨፍልቆ ይቀደዳል። ከላይ ወይም ከጎን ያለው፣ ከሻንጣው ጋር የተሰፋው አጭር እጀታ ነው ትክክለኛው ቦታ። የዚፕ መጎተቻ ላይ ማንጠልጠል ታጉንም ዚፑንም ማጣት ነው። ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ ባለ ብረት ገመድ የሚገዙ ሰዎች ብልህ ናቸው፤ ሆኖም የየኩባንያው ታግ ቅርጽ ስለሚለያይ ለአንዱ የተገዛው ጠባብ ኪስ ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ ፋይሉን ሳያዩ አለመግዛት ነው። የብረት ገመዱ መቆለፊያ ብሎን ከሆነ ጠበቅ ይደረግ፣ በመንቀጥቀጥ ይፈታል። ላሚኔት የሚያስደርግ (በፕላስቲክ የሚያስለብስ) ደግሞ ቀዳዳውን ከፕላስቲኩ ጠርዝ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያርቀው፤ ቀዳዳው ወረቀቱን ከወጋው ውሃ የሚገባው በዚያው ነው፣ ፕላስቲኩን ብቻ ቢወጋ ይሻላል።

መቼ ይታተም? ታጉ የሚገኘው በአብዛኛው ክፍያው ተጠናቆ፣ የኦንላይን ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው። ቸኩሎ ማተም ግን ዋጋ ያስከፍላል። ካቢኑ በኋላ ይመደብለታል ተብሎ በርካሽ የገዛ ሰው ቁጥሩን የሚያገኘው አንዳንዴ ጉዞው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ የቀደመው ታግ ላይ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ይሆናል። እሱስ ይሻላል፤ ወደቡ ላይ ስም ዝርዝር ስላለ ተጠይቆ በእስክሪብቶ ይሞላል። የባሰው ካቢኑ በመጨረሻ ሰዓት ወደ ተሻለ ሲቀየር ነው። የድሮው ታግ አሁን ይዋሻል፣ ሻንጣውም ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ከመነሻው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ምዝገባውን እንደገና ከፍቶ ቁጥሩን ማመሳከርና ያኔ ማተም ይበቃል።

በአውሮፕላን ወደ ወደቡ የሚሄድ የመርከቡን ታግ ከበረራው በፊት አያስር። የአየር ማረፊያው ማጓጓዣ ቀበቶ የወረቀት ታግ ይበላል፤ በረራው ሲያልቅ ደግሞ የአውሮፕላኑ ታግ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ሁለት ታግ ያለው ሻንጣ አንባቢውን ያደናግራል። የታጠፈውን ታግና ትንሽ ስቴፕለር በእጅ ቦርሳ መያዝ ነው።

ፋይሉ ለአንድ ሰው ሁለት ታግ ብቻ ሰጠኝ፣ ሦስተኛውን ሻንጣ ምን ላድርግ የሚል ጥያቄ ይበዛል። ይህ ታግ የሻንጣ ሳይሆን የሰውና የካቢን መለያ ስለሆነ ያንኑ ገጽ ደግሞ ማተም ይቻላል። እንዲያውም አንድ ትርፍ ቅጂ ከእያንዳንዱ ሻንጣ ውስጥ፣ ከልብሱ ሁሉ በላይ፣ ዚፑ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታይበት ቦታ ይቀመጥ። ታጉ ተቀድዶ የቀረ ሻንጣ መርከቡ ውስጥ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ሲከፈት ስምና ቁጥር ከተገኘበት ያው ማታ ይደርሳል። የቤት አድራሻ ግን ከላይ አይጻፍ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን ለመንገደኛ ሁሉ መንገር ነው።

ሻንጣ የሚዘገየው ሁልጊዜ በታግ ጥፋት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ካውያ፣ ሻማ፣ የውሃ ማፍያ፣ አንዳንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ኤክስሬዩ ላይ ሲታይ ሻንጣው ተይዞ ባለቤቱ ይጠራል። ያለ አንዳች ችግርም ቢሆን ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው መርከቡ ከተነሳ በኋላ፣ ምሽት ላይ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብና የስልክ ቻርጀር ከእጅ አይለዩ።

ፕሪንተር የሌለው ሰው ሆቴል ወይም ኮፒ ቤት ያሳትማል። እዚያ አደጋው ሌላ ነው፤ ከታጉ ጋር በአንድ ፋይል የመሳፈሪያ ሰነዱም ስለሚኖር የታጉን ገጽ ብቻ ለይቶ በፍላሽ መውሰድ፣ ከታተመም በኋላ ከኮምፒዩተሩ ላይ ማጥፋት ይገባል። ጭራሹን ያላተመም ጉዞው አይቀርበትም። ወደቡ ላይ ያሉት ወዛደሮች በእጅ የሚሞላ ባዶ ታግና ስቴፕለር በብዛት ይኖራቸዋል። ወረፋው ግን ረጅም ነው፣ በጥድፊያ የተጻፈ 1 እና 7 ደግሞ መንትያ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ወዛደሩ እንዲጽፈው ከመተው ራሱ ተጓዡ በማይለቅ ማርከር በጉልህ ይጻፈው።

ለኩባንያዎቹ ያለን ጥያቄ ከባድ አይደለም። ካቢን እስከ መጨረሻው ስለሚለዋወጥ በፖስታ መላክ እንደማያዋጣ ይገባናል። ግን ፋይሉን ያለ ፎቶ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በሌተርም በኤ4ም ልክ ማዘጋጀት፣ ቁጥሩንም ከማጠፊያው ርቆ በሁለቱም ገጽ በ2 ሴንቲ ሜትር ቁመት መጻፍ የግማሽ ቀን የዲዛይን ሥራ ነው። ካቢን ሲቀየርም «የቀድሞ ታግዎ አይሠራም» የሚል መልእክት ይላክ። ደግሞም ወፍራም ታግ የላቸውም እንዳይባል፣ የጉዞው የመጨረሻ ማታ ለመውረጃ የሚሆነውን ባለ ቁጥርና ባለ ቀለም ጠንካራ ታግ በየካቢኑ ያስቀምጡ የለም ወይ? ከዚያው ክምር ጥቂቱ ባዶውን ተርሚናሉ በር ላይ ከማርከር ጋር ቢቀመጥ፣ ፕሪንተር የሌለው አዛውንት ወረቀት ፍለጋ ከተማ ለከተማ አይዞርም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ሰነድ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ