ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ቀያሽ ይላኩልን

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከወሎ ቆላ ጫፍ፣ የአፋር ግመል ጨው ጭኖ ከሚገባባት ከተማችን ነው። የገበያው እሳት ከጠፋ ወዲህ እንቅልፍ የነሳን፣ መንገዱን ለማስፋት ተብሎ የታሰበው አዲሱ የሱቅ ቦታ ድልድል ነው።

ትናንት ከእናቴ ጋር ሱቃችን ወደነበረበት ሄድን። ቆርቆሮው ተጨማዶ ወድቋል። የግድግዳው እንጨት ከላይ ነዶ አልቋል፤ ከሥር የቀረው ጉቶ ግን ከሰል መስሎ ተሰልፏል። እናቴ በእርምጃዋ ለካች። «እስከዚህ የእኛ ነው፣ ከዚህ ወዲያ የእርስዎ» አለቻቸው ለጎረቤታችን። ሐጂም ጉቶውን በከዘራቸው ነካ አድርገው «ልክ ነሽ» አሏት። ዛሬ ያለን ካርታ ያ የጉቶ መስመር ብቻ ነው። እሱንም ሰኞ ዶዘር ሊጠርገው ነው ተብሏል።

መንገዱ ይስፋ፣ እኔም እደግፋለሁ። እሳቱ ከጣራ ጣራ የዘለለው መተላለፊያው ጠባብ ስለነበር ነው። የውሃ ቦቴ እንኳ መግባት አቅቶት ቆሞ አይተነዋል። ግን ከማን ስንት ካሬ እንደተቆረጠ ሳይጻፍ ቦታው እንደ አዲስ ከተሸነሸነ፣ ፊት የነበረው ወደ ጓሮ፣ ጓሮ የነበረው ወደ ከተማው ዳር ይገፋል። የማዕዘኑን ቦታ ማን እንደሚወስድ ካሁኑ በየቡናው ላይ ይወራል።

«ማስረጃ አምጡ» ተባልን። የእናቴ የግብር ደረሰኝ በብረት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ስንከፍተው አመድ ሆኗል። የደረሰኙ ቀሪ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ነው። ለምን ከራሳችሁ መዝገብ አትጀምሩም? ብዙው ሱቅ ደግሞ በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሰ የቀበሌ ቤት ነው። ተከራዩ ካርታ ከየት ያመጣል? ጓሮ ውስጥ መጋዘን ተከራይተው ጨው የሚያሳድሩት አፋሮችስ? የሚያውቃቸው ያከራያቸው ሰው ነው። እነሱን የረሳ ድልድል ጠብ ያመጣል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ የቦታ ጠብ በሁለት ሰው መካከል አይቀርም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ያው አንቀጽ፣ የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈልም ያዛል። ምን እንደነበረን ሳይለካ ካሳው በምን ይሰላል?

እባክዎ ዶዘሩን አንድ ሳምንት ያቆዩልን። ቀያሽ ይምጣ፣ ሁለቱም አዋሳኞች ቆመው ይለካ፣ ተፈርሞም በማዘጋጃው በር ላይ ይለጠፍ። ጠብ የሚያስታርቁት ሽማግሌዎቻችን አበጋሮቹና የዕድር ዳኞቹ የድልድሉ ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ። ደም ያደረቁ ሰዎች ናቸው። የማን ግድግዳ የት እንደነበርም ያውቃሉ።

ዛሬ ጠዋት እናቴና ሐጂ በየጉቶው ላይ ነጭ ጨርቅ አስረዋል። ቀያሹ ሲመጣ ከሩቅ ይታየዋል።

አክባሪዎ፣
የከተማው ነዋሪ