የአዋሽ ባቡር ጣቢያን ታሪክ ለመቅረፅ ድጋፋችሁን እንፈልጋለን

ሰላም የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጆች፣ አገር ውስጥም ውጭም ያላችሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ ብር ልንጠይቃችሁ ነው።

የድሮው ጣቢያችን 2000 ዓ.ም አካባቢ የአዲስ አበባ ድሬዳዋ ጉዞ ሲቆም አበቃለት፣ አዲሱ ባቡር ደሞ በራሱ መስመር ነው የሚያልፈው። ህንፃውን እናድሰው የምትሉ አላችሁ፣ እሱ የመንግስት ንብረት ስለሆነ እኛ አንነካውም። እኛ የፈለግነው እዛ የሰሩትን አባቶች በድምፅና በቪዲዮ መቅረፅ ነው፣ ሃዲድ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ቲኬት ሲቆርጡ የነበሩ፣ በፈረንሳይኛ ታዘው በአማርኛ የሚሳደቡ (እኔ እነዚህን ነው የምወዳቸው)፣ ግን በየአመቱ እየቀነሱብን ነው።

ለማታውቁት፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው፣ ከዛ ኩባንያው ከሰረና ስራው ለአመታት ቆመ፣ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ያኔ ማታ ማታ ስለማይሄድ 784 ኪሎሜትሩ ሶስት ቀን ይፈጅ ነበር፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ ሌላውን እዚህ እኛ ጋ ያድራል፣ ከተማችን በዚሁ አዳሪ ነው የቆመችው ብል አላጋነንኩም። በ1933 ጣልያን ሲሸሽ ድልድዩን አፍርሶት ሄደ። ጥር 1977 ላይ ደሞ ያ አደጋ መጣ፣ ባቡሩ ጥምዝ ድልድይ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ፣ ቁጥሩን ሁላችንም እንሰማለን፣ ገደል ወርደው ሰው ሲያወጡ የዋሉትን ግን ቁጭ ብሎ ምን አያችሁ ያላቸው አላየንም። ከሁሉ በፊት እነሱን ነው የምንቀርፀው።

ካሜራ በውሰት አግኝተናል፣ ኤዲት የሚያደርጉ ልጆችም በነፃ እንሰራለን ብለዋል። የጎደለን ጥሩ ማይክ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ለድሮ ፎቶና ቲኬት ስካነር፣ እና ድሬዳዋ የገቡትን አባቶች ሄዶ ለማናገር ትራንስፖርት ነው። ከ100 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን፣ ዶላርና ሪያል ያላችሁ ደሞ ትንሽ ጠንከር በሉ እንጂ!

ብር የሌላችሁ ፎቶ፣ መታወቂያ፣ የድሮ ቲኬት ካላችሁ አምጡ፣ ስካን አርገን እዛው እንመልስላችኋለን። በባቡር ኮንትሮባንድ ስትጭኑ የነበራችሁ እናቶችም ኑ፣ ጉምሩክ አንጠራባችሁም።

አካውንቱ በሶስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ በየወሩ እንለጥፋለን።