ከሐምሌ በኋላስ? ለኢትዮጵያ ደን ልማት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ደን ልማት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ የመስጊድ ቅጥሮች፣ የሙስሊም መቃብሮችና የሐድራ (በሼሆች ስም የታወቀ የዱዓ መሰብሰቢያ) ዛፎች በደን ሥራ ውስጥ የታወቀ ቦታ እንዲሰጣቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ ወደ ነገሩ ልግባ። የምኖረው ደቡብ ወሎ ነው፤ የአንድ መስጊድ ኮሚቴ አባል ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል የእኛም ጀመዓ (የመስጊዱ ምእመናን) ጉድጓድ ቆፍሯል። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር እንጠራለን። ኢማሙና ቄሱ ጎን ለጎን ቆመው ችግኝ ይይዛሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ መኪናው ይመለሳል። በመጠራታችን ቅር አላለንም፤ እንዲያውም ደስ ይለናል። ቅር ያሰኘን ለአንድ ቀን ብቻ መፈለጋችን ነው።

ችግኝ በሐምሌ አይሞትም። የሚሞተው ከኅዳር ወዲያ ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ ሲለቀቅ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ በልጉም እንደ ልማዱ ሲከዳ። በዚያ ወቅት ተራራው ላይ ለተተከለው ችግኝ ውኃ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው የለም። መስጊድ ውስጥ ግን በጋም ክረምትም በቀን አምስት ጊዜ ውኃ ይፈስሳል።

የውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የምንታጠብበትን ውኃ ማለቴ ነው። ስሌቱን ልንገርዎ። በአንድ መስጊድ በእያንዳንዱ ሶላት መቶ ሰው ውዱእ ቢያደርግና አንዱ ሰው ሦስት ሊትር ቢያፈስስ በቀን 1,500 ሊትር ይሆናል። ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንመድብ ይህ ውኃ ከ500 በላይ ችግኞችን በበጋ ያቆያል። ሳሙና የለበትም፤ ዘይት የለበትም። ለውዱእ ያገለገለ ውኃ በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ) ዘንድ ራሱ ንጹሕ ነው፤ ለሌላ ውዱእ ባይሆንም ዛፍ ለማጠጣት ማንም አልከለከለም። ዛሬ ግን ይህ ውኃ በአብዛኛው ወደ መንገድ ቦይ ይወርዳል፤ ሲከፋም ከመስጊዱ በር ላይ ጭቃ ሠርቶ ምእመናኑን ያዳልጣል። ጥቂት ሜትር ቧንቧ፣ አሸዋና ጠጠር የተሞላ አንድ ማጣሪያ ጉድጓድ፣ ከዚያም ወደ ችግኙ የሚወስድ ትንሽ ቦይ። ከዚህ የበለጠ ጥበብ አይጠይቅም። ውኃ አጠጪም አለን፤ ቁርኣን የሚቀሩት ደረሶች ከሱብሒ (ከንጋት ሶላት) በኋላ ጊዜውም ጉልበቱም አላቸው።

በእርግጥ ሦስት ሊትሩም ብዙ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፤ ሙድ ማለት ከአንድ ሊትር የሚያንስ መጠን ነው። እኛ ቧንቧ ከፍተን እያወራን እንታጠባለን። ይህን ማረም የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የኹጥባ (የዓርብ ስብከት) ሥራ ነው፤ ለኢማሞቻችን ነግረናል።

በችግኝ ተከላ ቀን ባለሥልጣናት ሳይቀሩ የሚጠቅሱት ሐዲስ የታወቀ ነው፤ ቂያማ (የትንሣኤ ቀን) ሲቆም በእጃችሁ ችግኝ ካለ ትከሉት የሚለው። መልካም ነው። እኔ ግን ሌላኛውን ሐዲስ ብትጠቅሱልን እመርጣለሁ፤ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ለተካዩ ሰደቃ (ምጽዋት) ይሆንለታል የሚለውን። ወፍ እንዲበላ ዛፉ ማፍራት አለበት፤ እንዲያፈራ ደግሞ ዓመታት መቆየት አለበት። ምንዳው በተተከለው ቁጥር አልተመዘነም። የእናንተም ሪፖርት እንዲሁ ቢሆን ምናለበት?

ሁለተኛው ነገር አዲስ መትከል ሳይሆን የቆመውን መጠበቅ ነው። ወሎን የሚያውቅ ሰው የእስልምና ትምህርት ማዕከላቱን ጀማ ንጉሥን፣ ዳናን፣ ጌታን፣ ሾንኬን ያውቃል። ከእነዚህ ስመ ጥር ቦታዎች ሌላ በየመንደሩ ስማቸው ከአካባቢው ያልወጣ ሐድራዎች አሉ፤ ብዙዎቹ አጠገባቸው ዋርካ፣ ወይራ፣ ጥድ ወይም ሾላ አላቸው። የሼሁ ዛፍ አይቆረጥም፤ ሕዝቡ ይህን ያለ ዘበኛ አክብሮ ኖሯል። ዱበርቲዎች (ለዱዓ የሚሰበሰቡ እናቶች) እዚያ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ልቡ የታወከ ሰው፣ ልጅ የሞተባት እናት፣ ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰ ወጣት ሄዶ ይውላል። ጤና ጣቢያው የሚሰጠው መድኃኒት ሌላ ነው፤ ከዋርካ ሥር ከሰው ጋር ውሎ መመለስም የራሱ ፈውስ አለው። ስለ ዚያራ (የሼሆችን መቃብርና ሐድራ ስለ መጎብኘት) በእኛ በሙስሊሞች መካከል ክርክር እንዳለ ያውቁ ይሆናል። ስለ ጥላው የተከራከረ ግን አላየሁም።

መቃብሮቻችንም እንዲሁ ናቸው። ነቢዩ በሁለት መቃብሮች ላይ እርጥብ የቴምር ዝንጣፊ ማኖራቸው ተዘግቧል፤ በአካባቢያችንም መቃብር ላይ እሬት የሚተክሉ ብዙ ናቸው። አጥር ቢኖራቸውና ከብት ባይገባባቸው ብዙዎቹ በራሳቸው ጊዜ ዱር ይሆናሉ። ለዚህ ምስክር የሚሆኑን የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ከካህናቱ ጋር ተስማምተው በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ያደረጓቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች በዓለም ታውቀዋል። የሚያስቀና ሥራ ነው። ካህናቱ ያደረጉትን ኢማሞቻችንም ያደርጉታል፤ የጎደለው መጥቶ የሚያጠና፣ የሚቆጥርና የሚዋዋል አካል ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነውር መሸፈን አልፈልግም። በመውሊድ ሰሞን ለድግስ የሚነደው እንጨት ለአንድ መንደር የዓመት ማገዶ ይበቃል ብል ማጋነኔ ጥቂት ነው። የላስቲክ ጠርሙሱን አልናገርም። እሕል ይዘራበት የነበረውን መሬት ጫት ሲወስደውም ዝም ብለናል። ማገዶ ቆጣቢ ትላልቅ ምድጃዎችን ለሐድራዎች ማዳረስ ከቻላችሁ ከችግኙ ባልተናነሰ ዛፍ ታድናላችሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ነገሩ የሚታሰረው እዚያ ነውና። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ለይቷል። የሐድራ ዛፍ ከየትኛው ይመደባል? ስንጠይቅ አንዱ ባለሙያ ማኅበረሰብ ይለናል፤ ሌላው ማኅበር ይለናል፤ ሦስተኛው መጀመሪያ ካርታ አምጡ ይለናል። ካርታው ደግሞ የለም። በአካባቢያችን አባቶቻችን የተቀበሩበት ቦታ እንኳ ማስረጃ ሳይኖረው የቆየ ብዙ ነው። ነገ መንገድ ይወጣበታል ብሎ የሚፈራ ጀመዓ ዛሬ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ይቆረጣላ! ወይራና ዝግባ የሚተክለው የልጅ ልጁ እዚያ እንደሚቀብረው የሚያምን ሰው ነው። ጠቅላይ ምክር ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ ስለዚህ ውል የሚፈርም ወገን የለም ማለት ከእንግዲህ አያስኬድም። በእኛ በኩል ዛፉን ወቅፍ (ለአላህ የተሰጠ ቋሚ ስጦታ) አድርገን እንመዘግባለን፤ ወቅፍ የሆነ ነገር አይሸጥም፣ አይወረስም። በእናንተ በኩል ያንን ምዝገባ የሚቀበል መመሪያ አውጡልን፤ ከክልሎች የመሬት ቢሮዎች ጋርም ተነጋገሩልን።

ለሙከራ ያህል በደቡብ ወሎና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጥቂት መስጊዶችንና ሐድራዎችን መርጣችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ገንዘብ በብዛት አልጠየቅንም። ቧንቧውን ጀመዓው ያዋጣል፤ ካቡን ወጣቱ ይክባል። የምንፈልገው አገር በቀል ችግኝ፣ የሚከታተል ባለሙያና ፊርማ ነው። ባለሙያውንም ሐምሌ ላይ ከችግኝ መኪና ጋር ሳይሆን ከወዲሁ፣ ቢዘገይ በግንቦት ላኩልን፤ ማጣሪያው ከዝናቡ በፊት መቆፈር አለበት። ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ቢመጣ ሽማግሌዎቹንም ወጣቶቹንም በአንድ ላይ ያገኛቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ መስጊድ ኮሚቴ አባል፣ ደቡብ ወሎ