በወር አንዴ እንኳን

እንደምን ከረምሽ ወዳጄ?

ጠፋሁ አይደል? አውቃለሁ። ሰበብ አልደረድርም። ሰው መጀመሪያ በሥራ ይዘገያል፣ ከዛ መዘግየቱ ያሳፍረዋል፣ አፍሮ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ዛሬ ግን አንድ መጠይቅ አንቺን አስታወሰኝ። እውነቴን ነው፣ መጠይቅ!

አሁን የምሠራው በየቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያን ጋ እየሄድኩ ምን ያህል ማኅበራዊ ድጋፍ እንዳላቸው መጠየቅ ነው። ይሄ ደግሞ ይለካል እንዴ ትይኝ ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር። ከመለኪያዎቹ አንዱ ባዘጋጀው ሰው ስም የሉበን ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። አጭሩ ቅጂ 6 ጥያቄ ብቻ አለው። ሦስቱ ስለ ዘመድ፣ ሦስቱ ስለ ጓደኛ፤ ጎረቤትም ከጓደኛ ይቆጠራል። በወር ቢያንስ አንዴ የሚያገኟቸው ወይም ድምፃቸውን የሚሰሟቸው ስንት ናቸው? የግል ጉዳይዎን ሳይሳቀቁ የሚያወሯቸውስ? ቢቸግርዎ «ድረሱልኝ» የሚሏቸውስ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሞላል፣ ሙሉው 30 ነው። ከ12 በታች የመጣለት ሰው ከሰው የመነጠል ስጋት አለበት ይባላል።

መሙላቱ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው መልሱ ላይ ነው። አንድ አባት ልጆቻቸው በየቀኑ እንደሚደውሉላቸው በኩራት ነገሩኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ቆይተው «ለልጅ ሁሉ ይነገራል እንዴ?» አሉኝ። 0 ጻፍኩ። እጄ ግን ከበደኝ። አንዲት እናት ደግሞ ያለቻቸው አንዲት ጎረቤት ብቻ ነች። በሦስቱም የጓደኛ ጥያቄ እሷን ጠሩ፣ ዘመድ የለም፣ ድምሩ 3 መጣ። ወረቀቱ ላይ አሳሳቢ ናቸው። እሳቸው ግን «እሷ እያለች ምን ጎደለኝ?» ይላሉ።

ለዚህ ነው ሰው ከሚቆጥሩት ሌላ ስሜት የሚጠይቁም መለኪያዎች ያሉት። ከነዚህ አንዱ፣ 12 ጥያቄ ያለው፣ ለምሳሌ በሚያስፈልግዎ ሰዓት አጠገብዎ የሚገኝ ልዩ ሰው አለ ወይ ይላል። ያቺ እናት እዚያ ላይ ጥሩ ነጥብ ያመጡ ነበር። የተቀበሉትን እርዳታ ብቻ መቁጠርም ያሳስታል፤ የታመመ ሰው ብዙ እርዳታ ስለሚያገኝ ድጋፍ የበዛለት ሊመስል ይችላል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ባለበት «ልጆችዎ ይረዱዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ማን ወላጅ አይረዱኝም ይላል? አሁን ተምሬያለሁ፤ እንደምንም ብዬ ለብቻቸው አገኛቸዋለሁ። ጆሮ ለከበዳቸው ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ። አንዳንዴ ስድስት ጥያቄ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ጨዋታው ነዋ!

ማታ መጠይቁን ለራሴ ሞላሁት። መጀመሪያው ላይ ስምሽን ልጽፍ ስል «በወር አንዴ» የሚለው አገደኝ። በዓመትም አልደወልኩልሽ! ሦስተኛው ላይ ግን ሳላስብ አንደኛ አንቺን ቆጠርኩ። ደንቡ ይህን ይፈቅድ አይፈቅድ አላውቅም፣ አልሰረዝኩትም።

አንቺስ ብትሞዪው እኔን የት ታስገቢኛለሽ? ተናደሽም ቢሆን ጻፊልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።